ቀመሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ይገምቱ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነው። ረዘም ይል ስለነበር አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ሲቪል ምህንድስና አስተምራለሁ። የተማርኩት ስትራክቸር (የሕንጻና የድልድይ ተሸካሚ አካል ዲዛይን) ነው፤ የማስተርስ ጥናቴም ኮንክሪት ላይ ነበር። ባለፈው ሴሚስተር የትራንስፖርቱ መምህር ለትምህርት ሄደና ኮርሱ እኔ ላይ ወደቀ። 120 ተማሪ አለኝ። የወረስኩት ስላይድ በአንድ ሴሚስተር ቀርቶ በሁለትም የሚያልቅ አይደለም፤ እየሮጥኩ እጨርሰዋለሁ። ስጠይቅ ሁሉም ዝም። ፈተና ላይ ግን ቀመሩን በትክክል ጽፈው ቁጥር ይተካሉ። ባለፈው ጎበዝ የምለው ልጅ በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለሚሄድ መኪና የማቆሚያ ርቀቱ 1,141 ሜትር ነው ብሎ፣ ከስሩ ሁለት መስመር አስምሮ ሰጠኝ። ደነገጥኩ። ተማሪዎቹ ትራንስፖርትን እንደ እረፍት ኮርስ ነው የሚያዩት፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ‹ኮርሱን ሸፍኚ› ነው የሚሉኝ። እኔም በማላውቀው ነገር ቆሜ የማስመስል እየመሰለኝ ነው። ኮርሱን መልሼ ላስረክብ? ወይስ ልቀጥል? ከቀጠልኩስ ከየት ልጀምር? ስላይዱን ቀድሜ ልስጣቸው ወይስ በኋላ? ከኮንክሪት የተሰደደችው ነኝ።»

ውድ ስደተኛዋ፣

ኮርሱን አትመልሺ። ያንን መልስ አይተሽ ደንግጠሻል፤ ለእኔ ይህ በቂ ነው። ቀመር ብቻ የሚያርም መምህር «ዩኒት አልቀየረም» ብሎ ሁለት ነጥብ ቀንሶ ወደሚቀጥለው ወረቀት ያልፍ ነበር።

ልጁ ምን እንዳደረገ መቼም አይጠፋሽም። 80ን ወደ ሜትር በሰከንድ ሳይቀይር ቀመሩ ውስጥ ከተተው። 80 በ2.5 ሲባዛ 200 (የቁጥሮቹ ትርጉም ከታች ይመጣል)። 80 በራሱ ተባዝቶ ለ6.8 ሲካፈል 941። ድምሩ 1,141። ትክክለኛው መልስ 128 ሜትር አካባቢ ነው። የሂሳቡ ስህተት ቀላል ነው፤ ማንም ይሳሳተዋል። ከባዱ ነገር ልጁ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ብሎ ጽፎ ምንም አለመሰማቱ ነው። መኪና ለመቆም ያን ያህል መንገድ ቢፈልግ ኖሮ ከተማ ውስጥ መንዳት የሚባል ነገር ባልኖረ። ግን ለምን ይሰማዋል? ካልኩሌተሩን ከማንሳቱ በፊት «ስንት ይመስልሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከሱ የሚመዘዝ ነው። ቀመሩን ከመስጠትሽ በፊት አስገምቻቸው። በቃል አይደለም፣ በወረቀት ላይ፣ ስማቸውን ጽፈው። ከዚያ ቀመሩን ስጪ። ከዚያም ቀመሩ ውስጥ የተቀመጠው እያንዳንዱ ቁጥር ማን እንዳስቀመጠውና ለምን እንደሆነ ጠይቂያቸው።

የማቆሚያ ርቀትን አንቺው ስላነሳሽው በሱ ላሳይሽ።

ክፍል ስትገቢ ስላይድ አትክፈቺ። ሰሌዳው ላይ ይህን ጥያቄ ጻፊ፦ አንድ አሽከርካሪ በ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደ ከፊቱ መንገድ የዘጋ ነገር ያያል፤ ለመቆም የተወሰነ ርቀት ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 100 ቢሆን ርቀቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? ሀ. ሁለት እጥፍ። ለ. ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ከአራት በታች። ሐ. ልክ አራት እጥፍ። መ. ከአራት እጥፍ በላይ። አንድ ደቂቃ ስጪያቸው። ማውራት የለም። ከዚያ የመረጡትን ፊደል በትልቁ ጽፈው ወረቀቱን ከፍ ያድርጉ። እጅ አታስወጪ። እጅ ሲባል ሁሉም ጎበዝ የሚባለውን ልጅ እያየ ነው የሚያወጣው።

ፊዚክስ የማይረሱት ሐ ይላሉ፣ ምክንያቱም የፍጥነት ካሬ የሚለው ነገር ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ብዙም ያላሰቡት ሀ ይላሉ። አሁን መልሱን ብትሞቺ እንዳትናገሪ። ፊትሽም አይናገር። «አጠገባችሁ ካለው ሰው የተለየ መልስ ካላችሁ አሳምኑት» በያቸውና ዞር ዞር በይ። ያ ዝም የሚለው ክፍል ሲንጫጫ ትሰሚያለሽ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ወረቀት ያንሱ። መልሱ ብዙ ጊዜ ወደ ለ ሸርተት ይላል። ያሳመናቸው አንቺ ሳትሆኚ ጓደኛቸው ነው፤ ጓደኛ ደግሞ ትናንት ያልገባውን ነገር ዛሬ ስለገባው የት ጋ እንደሚያደናቅፍ ከመምህሩ በላይ ያውቃል።

ይህን ዘዴ በሰፊው ያስተዋወቀው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ነው፤ ጊዜውም የ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሱ ልምድ አንድ ጠቃሚ ነገር ይነግርሻል። በመጀመሪያው ዙር በትክክል የመለሱት ከ30 እስከ 70 በመቶ ሲሆኑ ውይይቱ በደንብ ይሠራል። ከዚያ ካነሱ ማንም ማንንም ማሳመን አይችልም፤ ትንሽ አስረጂና እንደገና ጠይቂ። ከበለጡ ደግሞ ጊዜ አታባክኚ፣ እለፊ።

አሁን ቀመሩ ይምጣ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሽከርካሪው እስኪያስተውልና ፍሬን እስኪረግጥ 2.5 ሰከንድ ብንሰጠው 35 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፍሬኑ በ3.4 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲይዝ (ከላይ ያየነው 6.8 የዚህ እጥፍ ነው) ሌላ 28 ሜትር። ድምሩ 63። በ100 ደግሞ 69 እና 114፣ ድምሩ 183። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የመጀመሪያው ክፍል ሁለት እጥፍ ሆነ፣ ሁለተኛው አራት እጥፍ፣ ድምሩ በመካከል ወደቀ። ይህንን በትክክል የገመተ ልጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ ገምቶ የተሳሳተም እንዲሁ። ከዚህ በኋላ 1,141 የሚል መልስ ሲያይ እጁ ራሱ ይቆማል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር «ገባችሁ?» ብሎ ወደ ሚቀጥለው ስላይድ ይሄዳል። አንቺ አትሂጂ። ዋናው ነገር ገና ነው። 2.5 ሰከንዱ ከየት መጣ? የማን 2.5 ሰከንድ ነው? የሃያ ዓመት ልጅ ነው የሰባ ዓመት አዛውንት? ማታ ነው ቀን? የአሜሪካው የመንገድ ዲዛይን መመሪያ ይህን ቁጥር የወሰደው አብዛኛውን አሽከርካሪ፣ አዛውንቶችንም ጭምር፣ እንዲያካትት ብሎ ነው። 3.4ቱም መኪናው የሚችለው የመጨረሻው አይደለም፤ ደንገጥ ያለ ሰው ከዚያ በላይ ይይዛል። ርጥብ አስፋልት ላይም አሽከርካሪው መኪናውን ሳይስት የሚይዝበት መጠን ተብሎ የተመረጠ ነው።

ተማሪዎቹን በጣም የሚያስገርማቸው ግን የነገሩ ቁመት ነው። አሽከርካሪው አርቆ ማየት ያለበት ነገር ቁመቱ ስንት ነው ተብሎ ይታሰባል? የድሮው መመሪያ 15 ሳንቲሜትር ይል ነበር። በ2001 ወደ 60 ሳንቲሜትር ተቀየረ፤ ከፊት የቆመ መኪና የኋላ መብራት ቁመት ማለት ነው። «ታዲያ ከ60 ሳንቲሜትር በታች የሆነ ነገር መንገድ ላይ ቢወድቅስ?» የሚል ልጅ ይነሳል። ይነሳ። ኮረብታ ጫፍ ላይ ያለ የመንገድ ኩርባ በዚያች ቁጥር ምክንያት ምን ያህል እንደሚያጥርና ምን ያህል ቁፋሮ እንደሚቀንስ ይከራከሩበት። መመሪያ ከሰማይ እንዳልወረደ፣ ሰዎች ተቀምጠው ገንዘብንና ሕይወትን አመዛዝነው የወሰኑት መሆኑን የሚያዩት ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበላል። ይብላ።

አሁን ወደ «የማስመስል እየመሰለኝ ነው» ወዳልሽው ልምጣ። ከስትራክቸር መምጣትሽ በአንዳንድ ቦታ ይጠቅምሻል፣ በአንድ ቦታ ላይ ግን ያሳስትሻል፤ እሱን ካወቅሽ ይበቃል። ምሰሶ ላይ ጭነት ስትጭኚ ጭነቱ አያስብም። ምሰሶውን ብታሰፊው ጭነቱ «ሰፋ እኮ፣ ወንድሜንም ልጥራ» አይልም። መንገድ ላይ ግን ጭነቱ ሰው ነው። መንገድ ስታሰፊለት መነሻ ሰዓቱን ይቀይራል፣ አቅጣጫውን ይቀይራል፣ በእግሩ ይሄድ የነበረው መኪና ያወጣል። ዲዛይን ያደረግሽው ነገር ራሱ ጭነቱን ይቀይረዋል። ይህን የሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ ካልነገርሻቸው ተማሪዎችሽ እስከ መጨረሻው መኪናን እንደ ውሃ መንገድን እንደ ቧንቧ እያዩ ይጨርሳሉ።

ለዚህም ጨዋታ አለኝ፤ 120 ተማሪ እንዳለሽ ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚሁ ነው። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ዲትሪሽ ብራስ በ1968 ያሳየው ነገር ነው። ከመነሻ ወደ መድረሻ ሁለት መንገድ ሳዪ፤ አንዱ በሀ፣ ሌላው በለ በኩል። ከመነሻ እስከ ሀ ያለው ጠባብ ነው፦ የሚፈጀው ደቂቃ በዚያ የሚሄዱት ተማሪዎች ብዛት ለ3 ሲካፈል ነው። ከሀ እስከ መድረሻ ሰፊ ነው፦ ሁልጊዜ 45 ደቂቃ። በለ በኩል ተገላቢጦሹ፦ መጀመሪያ 45 ደቂቃ፣ ቀጥሎ ጠባቡ። እያንዳንዱ ተማሪ መንገዱን ወረቀት ላይ ይምረጥ። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፊ፣ እንደገና ይምረጡ። ጥቂት ዙር ከሄዱ በኋላ 60 በ60 አካባቢ ይከፈላሉ። 60 ለ3 ሲካፈል 20፣ ሲደመር 45፣ 65 ደቂቃ።

አሁን «መንግሥት አዲስ መንገድ ሠራላችሁ» በያቸው። ከሀ ወደ ለ የሚወስድ፣ ምንም ደቂቃ የማይፈጅ ምርጥ ድልድይ። እንደገና ይምረጡ። ጠባቡ መንገድ ሁሉም ቢገቡበት እንኳ 120 ለ3፣ ማለትም 40 ደቂቃ ነው፤ ከ45 ይሻላል። ስለዚህ ሁሉም ጠባቡን፣ ድልድዩን፣ እንደገና ጠባቡን ይይዛሉ። 40 እና 40፣ 80 ደቂቃ። አዲስ መንገድ ተሠርቶ ሁሉም 15 ደቂቃ ዘገየ! ብልጥ ነኝ ብሎ ወደ ድሮው መንገድ የተመለሰ ደግሞ 85 ይፈጅበታል። ቀልድ አይደለም፣ ሂሳብ ነው። አሁን ድልድዩን አፍርሺና ድጋሚ አስመርጫቸው። ሲስቁ፣ ሲከራከሩ፣ አንዱ «ታዲያ ለምን እንሠራለን?» ሲል ኮርሱ ተጀመረ ማለት ነው።

ይህ የሰሌዳ ጨዋታ ብቻ ነው የሚል ካለ የደቡብ ኮሪያን ዋና ከተማ ሴኡልን ንገሪው። ከተማው መሃል ጅረት ደፍኖ ያለፈውን የቾንግጌቾን ከፍታ መንገድ በ2003 ማፍረስ ጀመሩ፤ በ2005 ጅረቱን ከፍተው ዳሩን የእግር መንገድ አደረጉት። ከተማዋ በዚያ ምክንያት አልቆመችም። (ሴኡል ያደረገችውን ሁሉም ከተማ ያድርግ እያልኩ አይደለም፤ አውቶቡሱንም አብረው ነው ያስተካከሉት። ይህን ካልጨመርሽ ተማሪ ወዲያው መንገድ አፍራሽ ይሆንብሻል።)

ስትራክቸርሽ የሚጠቅምሽ የመንገድ ንጣፍ ላይ ነው። እዚያ ጭነቱ እውነትም ጭነት ነው። ኢሊኖይ ኦታዋ አጠገብ ከ1958 እስከ 1960 ከባድ መኪናዎችን በሙከራ መንገድ ላይ እያመላለሱ ባደረጉት ጥናት የተገኘውን የአራተኛ ደረጃ ሕግ ታውቂዋለሽ፦ ጉዳቱ በግምት የአክስሉ (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ክብደት በራሱ አራት ጊዜ እንደተባዛ ያድጋል። ይህንንም መጀመሪያ አስገምቺ። ግማሽ ቶን የሚጭን የቤት መኪና አክስልና 10 ቶን የሚጭን የጭነት መኪና አክስል፣ ክብደቱ ሃያ እጥፍ ነው፤ ጉዳቱስ? አንድ ሺህ የሚሉ ደፋሮች ይኖራሉ። ሃያ በራሱ አራት ጊዜ ሲባዛ 160,000 ነው። ስለ ጭነት ሚዛን ጣቢያ ሌላ ንግግር አያስፈልግሽም።

የትራፊክ መብራት ላይ ደግሞ የእንግሊዙ ዌብስተር በ1958 ያወጣውን ቀመር ታስተምሪያለሽ፦ አንድ ዙር የሚፈጀው ሰከንድ፣ የሚባክነው ጊዜ (መብራት ሲቀያየር ማንም የማያልፍበት) በ1.5 ተባዝቶ 5 ሲደመርበት፣ ከዚያ ከአንድ ላይ የመንገድ መገናኛው ሙላት (ከአቅሙ ምን ያህሉ እንደተያዘ) ተቀንሶ ለሚቀረው ሲካፈል። የሚባክነው 10 ሰከንድ ይሁን። ሙላቱን 0.7 አድርጊ፣ ዙሩ 67 ሰከንድ ይመጣል። 0.8 ላይ 100። 0.9 ላይ 200። 0.95 ላይ 400። አሁን ካልኩሌተራቸውን አስቀምጠው «1 ላይስ?» በያቸው። ቀመሩ እዚያ ላይ መብራት ሊፈታው የማይችለውን ችግር እየነገራቸው ነው። ቁጥር መተካት የለመደ ተማሪ ይህን አያይም፤ አራቱን መልስ ጎን ለጎን የጻፈ ግን ያያል።

ቆጠራ አስወጫቸው። ይህን ሳታደርጊ ሴሚስተሩ አይለቅ። በስድስት በስድስት ብትከፍያቸው 20 ቡድን ይሆናሉ፤ በተለያየ ሰዓት ቅርብ ወዳለ መገናኛ ይሂዱ። ከመንገዱ ወጥተው፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ አንድም ሰው አስፋልት ላይ እንዳይወርድ። ደንቡ ይኸውልሽ፦ አንዱን አቅጣጫ ሁለት ሰዎች፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ሳይነጋገሩ ይቁጠሩት። በየ15 ደቂቃው መስመር ያስምሩ።

ተመልሰው ሲመጡ የሁለቱ ቁጥር አይገጥምም። በፍጹም አይገጥምም። አንዱ ሚኒባሱን ከአውቶቡስ መድቦታል፣ ሌላው ከመኪና። አንዱ ቀይ ጥሶ ያለፈውን ቆጥሮታል፣ ሌላዋ «ሕገ ወጥ ነው» ብላ ትታዋለች። ሞተር ሳይክል ረስተዋል። ሲከራከሩ ተዪያቸው፤ ከዚያ ክርክሩን ወደ ፍቺ ለውጪው፤ ምን እንቆጥራለን፣ መቼ ነው ያለፈ የሚባለው፣ የትኛው መስመር ላይ? አንድ ወጣት መሐንዲስ ቢሮ ገብቶ የሰው ቆጠራ ሲሰጠው በጥርጣሬ የሚያየው ይህ ሲደርስበት ነው። ከዚያ በኋላ ፒሲዩ (የተለያየ ተሽከርካሪን በቤት መኪና ልክ የሚመነዝረው መለኪያ) ምን እንደሆነ ብትነግሪያቸው ጆሮ ይሰጡሻል።

ፒክ አወር ፋክተርንም (በተጨናነቀው ሰዓት ውስጥ ፍሰቱ ምን ያህል እኩል እንደተሰራጨ የሚያሳየውን ቁጥር) ከራሳቸው ወረቀት ያውጡ። በሰዓቱ 960 መኪና አልፎ ከዚያ ውስጥ በአንዱ ሩብ ሰዓት 300 ካለፈ፣ 300 በ4 ሲባዛ 1,200፤ 960 ለ1,200 ሲካፈል 0.8 ነው። «ያቺ ሩብ ሰዓት ላይ ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ትምህርት ቤት ተለቆ ነበር ይሉሻል። ያቺን ሩብ ሰዓት ቆመው ስላዩዋት 0.8 ለእነሱ ቁጥር ብቻ አይሆንም። አሜሪካዊው መሐንዲስ ግሪንሺልድስም በ1935 ያወጣውን የፍጥነትና የጥግግት (በአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ያሉ መኪናዎች ብዛት) ግንኙነት ያገኘው መንገድ ዳር ካሜራ ተክሎ ነው እንጂ ቢሮ ተቀምጦ አይደለም፤ ይህን ብትነግሪያቸው ደግሞ ፀሐይ ላይ በመቆማቸው ቅር አይላቸውም።

ስለ ሶፍትዌር በደብዳቤሽ አልጠየቅሽም፤ ቢሆንም ተማሪዎችሽ ይጠይቁሻል። ይቆይ። መኪናዎቹ ስክሪን ላይ ሲንቀሳቀሱ ስለሚያምሩ ሁሉም እውነት ይመስላቸዋል። አንድ መገናኛ በእጃቸው ሠርተው ሲጨርሱ አሳዪያቸው።

አሁን ወደ ኃላፊው። «ሸፍኚ» የሚሉት ክፋት አስበው አይደለም፤ እሳቸውም ከበላይ የሚጠየቁት ያንኑ ነው። ስለዚህ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። የኮርሱን ዝርዝር አትመሽ በእያንዳንዱ ርዕስ ጎን ምልክት አድርጊ፦ ክፍል ውስጥ የሚሠራ፣ አንብበው የሚመጡት፣ በአሳይመንት የሚያልፍ። የመንገድ ዓይነቶች አመዳደብ፣ የትራንስፖርት ታሪክ፣ የየብስና የአየር ጥቅምና ጉዳት የሚለው ሁሉ ንባብ ይሁን። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ስላይዶች ሲነበቡ መስማት ለማንም ቅጣት ነው። ክፍል ውስጥ የምትይዢው ማቆሚያ ርቀትን፣ ኩርባን፣ የፍሰት ግንኙነትን፣ መገናኛንና መብራትን፣ ንጣፍን፣ የጉዞ ፍላጎትን፣ ደኅንነትን ነው። ዝርዝሩ ላይ አንድም ርዕስ አልተሰረዘም፤ ኃላፊውም የሚፈልጉት እሱን ነው።

ማስረጃ ካሉሽም አለ። በ2014 የታተመ፣ 225 ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ ትንተና በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሂሳብ ኮርሶች ተማሪው ቁጭ ብሎ ብቻ ሲያዳምጥ ከመቶ 34 ያህሉ ይወድቅ እንደነበር፣ ተሳትፎ ያለበት ክፍል ውስጥ ግን ወደ 22 እንደሚወርድ አሳይቷል። ኃላፊ የውጤት ቁጥር ይገባቸዋል።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ተማሪዎች መጀመሪያ ላይ ሊያጉረመርሙብሽ ይችላሉ። «አታስተምርም፣ እኛን ነው የምታስወራን» ይባላል። በ2019 ሃርቫርድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ይህንኑ አግኝቷል፦ ተሳትፎ ባለበት ክፍል የነበሩት ተማሪዎች ፈተና ላይ የተሻለ ሠሩ፣ የተማርን አይመስለንም ያሉት ግን እነሱው ነበሩ። ጥሩ ሌክቸር ሲሰሙ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ራስ ሲሞክር ነው የሚከብደው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በግልጽ ንገሪያቸው። «ይከብዳችኋል፣ ምክንያቱ ይኸው ነው» በይ። በሴሚስተሩ መጨረሻ የመምህር ግምገማ ላይ ከሚነግሩሽ አሁን ተነጋገሩ።

ፈተናሽን ካልቀየርሽ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ተማሪ የሚያጠናው የምትጠይቂውን ነው፤ የምትናገሪውን አይደለም። የድሮውን ዓይነት ጥያቄ ግማሹን ተዪና ግማሹን እንዲህ አድርጊው፦ «አንድ መሐንዲስ በ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት የማቆሚያ ርቀት 1,141 ሜትር አግኝቷል። ሳታሰሉ ስህተት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ምን አድርጎ ይሆን?» የልጁን ስም ሳትጠሪ ያንኑ መልስ ሥራ ላይ አዋልሽው ማለት ነው። ወይም ደግሞ፦ «14 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ ላይ ለእግረኛ 12 ሰከንድ ተሰጥቷል። ማን ይሻገራል፣ ማን መሃል ላይ ይቀራል?» በሰከንድ 1.2 ሜትር የሚራመድ ለጥቂት ይደርሳል። በሰከንድ 0.9 የምትራመድ እናት ከ15 ሰከንድ በላይ ያስፈልጋታል። መልሱ ከሦስት መስመር አይለፍ በይ፤ 120 ወረቀት የምታርሚው አንቺ ነሽ።

«እረፍት ኮርስ» ስላሉት ነገርም ልጨምር። ስትራክቸርን የሚፈሩት ሕንጻ ሲወድቅ ስለሚታይ ነው። በ1981 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የአንድ ሆቴል የውስጥ መሸጋገሪያ ወድቆ 114 ሰው ሲሞት ዓለም ሁሉ ሰማ፤ አንቺም ስለ ዘንጎቹ ግንኙነት አስተምረሽው ይሆናል። መንገድ ግን እንዲህ በአንድ ቀን አይወድቅም። አንድ ሰው እዚህ ኩርባ ላይ፣ ሌላው እዚያ ማቋረጫ ላይ፣ በተለያየ ቀን ይሞታል፤ ጥፋቱም ሁልጊዜ የአሽከርካሪው ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በመንገድ አደጋ የሞተውን ሰው 1.19 ሚሊዮን ያህል ነው ብሏል። ስዊድን በ1997 በፓርላማዋ ያጸደቀችው ዜሮ ራዕይ እንዲህ ያለውን ሞት ለማስቀረት ነው፦ ሰው ይሳሳታል፣ መንገዱ ግን ስህተቱን በሞት እንዳይቀጣው ሆኖ ይሠራ የሚል። ተማሪዎችሽን ወደ ቆጠራ በላክሽበት መገናኛ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሪላቸው፦ እዚህ የሚሳሳት ሰው ማን ነው፣ ሲሳሳትስ ምን ያገኘዋል? ከዚያ በኋላ እረፍት ኮርስ የሚል ካለ አሳውቂኝ።

ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር አታድርጊው፣ ትቃጠያለሽ። በዚህኛው የማቆሚያ ርቀቱን፣ የብራስን ጨዋታና ቆጠራውን ብቻ ያዢ፤ በቀረው ሳምንት ስላይዱን እንደለመድሽው ሂጂበት። የማታውቂውን ጥያቄ ሲጠይቁሽ «አላውቅም፣ ሐሙስ እንየው» በይና ሐሙስ ይዘሽ ነይ። የሄደውንም መምህር ደውለሽ አስቸግሪው፤ ኮርሱን ያስረከበሽ ሰው ስልክ ማንሳት አያቅተውም።

ስላይዱን ቀድሜ ልስጥ ወይ ላልሽው፣ ስጪ። ማስታወሻ በመገልበጥ ጊዜያቸው አይለቅ። ብቻ መልሱ ያለባቸውን ገጾች አስቀድመሽ አውጪ፤ እነሱን ከክፍል በኋላ ላኪላቸው።